ከዚራ ያለው የባነር ቤት፦ የራግቢ ተጫዋቹን ሴናተር ያሠራንበት

ድሬዳዋ ውስጥ ባነር የሚያትም ቤት ማግኘት አያስቸግርም። ከሳቢያን ተነስቶ እስከ መጋላ ለሄደ ሰው ባነር አታሚ በየመታጠፊያው ያጋጥመዋል። የሠርግ፣ የምረቃ፣ የሱቅ መክፈቻ፣ የሐዘን፤ ፎቶውን በቴሌግራም መላክ፣ ዋጋ መስማት፣ ማታ ጠቅልሎ መውሰድ ነው። የሚያስቸግረው የሚያትመውን የሚያነብ ቤት ማግኘት ነው። እኔ እንዲህ ያለ አንድ ቤት ስላገኘሁ ስለ እርሱ መጻፍ ፈልጌአለሁ፤ በተለይ የትምህርት ቤት፣ የዕድርና የማኅበር ሥራ ይዛችሁ አታሚ ለምትፈልጉ።

ቤቱ ከዚራ ውስጥ ነው። ከባቡር ጣቢያው አደባባይ ተነስቶ በዛፎቹ ጥላ ሥር በሚሄደው መንገድ ጥቂት እንደተራመዱ በግራ በኩል ይገኛል። በሩ ላይ የተጻፈው «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ባነር» የሚል ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው «ጋሼ ዘንድ» እያለ ነው። ጋሼ በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚያስቀምጡ ሰው ናቸው። አባታቸው የምድር ባቡሩ ሠራተኛ ስለነበሩ ስለ ጣቢያው ከተጠየቁ ወሬያቸው አያልቅም። ገጽ የምታቀናብረው ወጣት እጇ ፈጣን ነው፤ አንድ ልጅ ደግሞ ማሽኑን ይጠብቃል። ሦስቱም ሥራ ሲበዛባቸው እንኳ ፊታቸው አይጠቁርም።

ሥራው ይህ ነበር። እኔ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፣ የትምህርት ቤቱን የሚኒ ሚዲያ ክበብም እመራለሁ። ልጆቹ በግቢው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል «ከሜዳ ወደ ምክር ቤት» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ለማዘጋጀት ወሰኑ። የላይቤሪያውን ጆርጅ ዌያን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከእግር ኳስ ሜዳ ተነስቶ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 አገሩን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። ከልጆቹ አንዱ ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን 12 ለ 11 ያሸነፈችበትን የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ጎረቤት ቤት በዲሽ ካየ ወዲህ በራግቢ ፍቅር የተለከፈ ነው። «እግር ኳሱን ሁሉም ይሠራዋል፣ እኛ የራግቢ ተጫዋቾችን እንሥራ» ብሎ ጓደኞቹን አሳመነ። መሃል ላይ በትልቁ አውስትራሊያዊው ሴናተር ዴቪድ ፖኮክ፣ ግራና ቀኙን ደግሞ በትንሹ የደቡብ አፍሪካው ዳዊ ደ ቪሊየርስና የፊጂው ሲቲቬኒ ራቡካ እንዲሆኑ ተስማሙ። ጽሑፉን ራሳቸው ጻፉ፣ እኔም ከልጆቹ ሁለቱን ይዤ ወደ ከዚራ ወረድኩ።

ሌላ ቤት ቢሆን ፍላሹ ይሰካል፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ ይታተማል። ጋሼ ግን መጀመሪያ ጽሑፉን በተራ ኤ4 ወረቀት አሳተሙት፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፣ እስክሪብቶ አወጡ፣ ልጆቹን ከጎናቸው አስቀመጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «ታላቁና ጀግናው ዴቪድ ፖኮክ» ከሚለው የመጀመሪያ መስመር ላይ ቆሙ። «ታላቅ» ከሚለው ሥር አሰመሩ፤ «ጀግና» ከሚለውም ሥር አሰመሩ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሁለት ቃላት ግማሽ መስመር ይዘዋል። እዚህ ቦታ ላይ የሠራውን ብንጽፍበትስ? ምን ሠራ?»

ልጁ መናገር ጀመረ፣ እርሳቸውም ከአፉ እየተቀበሉ ጻፉ። ሰሌዳችን ላይ አሁን ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው የተወለደው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ልጁ የተናገረውን ላስቀምጥ፤ ሰሌዳውን ያላያችሁ ምን እንዳሠራን ማወቅ ይገባችኋልና።

ፖኮክ እ.ኤ.አ. በ1988 ተወለደ፣ ያደገው በዚምባብዌ እርሻ ላይ ነው። በ2002 ቤተሰቡ አገሩን ለቆ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ብሪዝበን ተሰደደ። በ2008 ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን መሰለፍ ጀመረ፣ በ2012 አምበል ሆነ። በራግቢ አንድ ተጫዋች ኳስ ይዞ ተጠልፎ ሲወድቅ ኳሱን መልቀቅ ግዴታው ነው። በዚያች ቅጽበት ቀድሞ የደረሰ ተጋጣሚ፣ በሁለት እግሩ እንደቆመ ጎንበስ ብሎ ኳሱን ከጨበጠና የወደቀው ሰው ካልለቀቀለት፣ ዳኛው ቅጣት ምት ይሰጠዋል። ጎንበስ ያለውን ሰው ግን የወደቀው ተጫዋች ጓደኞች እየሮጡ መጥተው በትከሻቸው ይመቱታል። አንገቱን፣ ጀርባውን፣ ጉልበቱን እየተመታ ከኳሱ ላይ አለመነቀል የፖኮክ ሙያ ነበር። በ2011 ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ አውስትራሊያ ደቡብ አፍሪካን 11 ለ 9 ስታሸንፍ ጨዋታው በእርሱ እጅ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ያ ሙያ ዋጋ አስከፍሎታል፤ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ በተከታታይ ሁለት ዓመት ከሜዳ ርቋል። ተመልሶ በ2015 የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ተሰለፈ፣ ነጥብም አስቆጠረ፤ ዋንጫውን ግን ኒውዚላንድ 34 ለ 17 አሸንፋ ወሰደች። ከብሔራዊ ቡድን የተሰናበተው ከ2019ኙ የጃፓን ዓለም ዋንጫ በኋላ ነው።

ጋሼ ራግቢ አይተው አያውቁም። ያችን የጎንበስታ ነገር ግን እንዲገባቸው ስለፈለጉ ልጁን አስነስተው ወለሉ ላይ አሳዩኝ አሉት። ማሽን የሚጠብቀው ልጅ የባነር ጥቅል እንደ ኳስ አቅፎ ወደቀ፣ የእኔው ተማሪ ከላዩ ጎንበስ ብሎ ጨበጠ፣ ገጽ የምታቀናብረው ወጣት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ከዚያ በኋላ የተጻፈው የሁለት መስመር ማብራሪያ ራግቢ አይቶ የማያውቅ ማንም ሰው የሚረዳው ሆነ። አታሚ ያልገባውን ነገር አላትምም ሲል እኔ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

ክርክር የተነሳው ቀጥሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ፖኮክ ገና ተጫዋች ሳለ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ሞልስ ክሪክ በሚባል ቦታ የሚከፈተውን የድንጋይ ከሰል ማዕድን ለመቃወም ራሱን ከመቆፈሪያ ማሽን ጋር በሰንሰለት አስሮ ዋለ፣ ፖሊስም ያዘው። አንዷ ተማሪዬ ይህን ሰርዛው ነበር። የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ «ታሰረ» የሚል ቃል መውጣት የለበትም የሚል ሐሳብ ነበራት። ጋሼ የተሰረዘውን አዩና ጠየቋት።

«ተይዟል ወይስ አልተያዘም?»

«ተይዟል።»

«ለምን እንደተያዘስ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ጻፊ። የሚያነበው ይፍረድ።»

እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፣ ለዚህም ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። በየአዳራሹና በየአጥሩ የምናየው የሰው ታሪክ ማቅረቢያ ሁሉ ሙገሳ ብቻ ሆኗል። ማዕረግ ይደረደራል፣ ፎቶው ይተልቃል፣ ሰውየው ምን እንደሠራ፣ ምን እንደደገፈ፣ ምን እንዳጠፋ ግን አንድም ቃል የለም። በሕዝብ ፊት ለመቆም የመረጠ ሰው ሥራው በሙሉ ሊነበብ ይገባል። ልጆቻችን ይህን ካልለመዱ ነገ ድምፅ ሲሰጡ ፎቶ ነው የሚመርጡት።

ከዚህ የበለጠ የታየው ጎንና ጎን ባሉት ሁለት ሰዎች ላይ ነው። ስለ ዳዊ ደ ቪሊየርስ ልጆቹ ይዘው የመጡት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን አምበል የነበረና እ.ኤ.አ. በ1994 በኔልሰን ማንዴላ ካቢኔ ሚኒስትር የሆነ የሚል። ጋሼ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ከማንዴላ በፊትስ የት ነበር?» አሉ። ልጆቹ ስልካቸውን አወጡ፣ እኔም የማውቀውን ጨመርኩ። ደ ቪሊየርስ በ1969 እና በ1970 ቡድኑን እየመራ በብሪታንያና በአየርላንድ ሲዞር የአፓርታይድ ተቃዋሚዎች በየስታዲየሙ ሰልፍ ወጥተውበታል። ከዚያም አፓርታይድን ባጸናው በናሽናል ፓርቲ ሥር የምክር ቤት አባልና ሚኒስትር ሆኖ አገልግሏል። አፓርታይድ በድርድር ሲያበቃ ከፓርቲው ተደራዳሪዎች አንዱ ነበር፣ ከምርጫው በኋላም በአንድነቱ መንግሥት ተቀመጠ። ይህ ሁሉ ሲጻፍ አንዱ መስመር አራት ሆነ፣ ሰውየውም ሙሉ ሰው ሆኖ ታየ።

ራቡካም እንዲሁ ነው። ለፊጂ ራግቢ የተጫወተ ወታደር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1987 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት አካሂዷል፤ ከ1992 እስከ 1999 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር፣ በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በምርጫ ተመልሶ ሥልጣን ያዘ። በ2023 ስለ 1987ቱ ድርጊቱ የሕንድ ዝርያ ያላቸውን ዜጎች በአደባባይ ይቅርታ ጠይቋል። ገጽ የምታቀናብረው ወጣት «መፈንቅለ መንግሥቱ በትልቅ ፊደል፣ ይቅርታው በትንሽ ይሁን?» ስትል ጋሼ «እኩል» አሏት። በሰሌዳው ላይ እኩል ናቸው።

ወደ ፖኮክ ልመለስ፤ ረጅሙን ጊዜ የፈጀብን እርሱ ነው። ወደ ምክር ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በተደረገው ምርጫ የካንቤራን ግዛት ወክሎ በግል ተወዳድሮ ነው። የፓርላማው ላይኛው ምክር ቤት የሆነው የአውስትራሊያ ሴኔት 76 መቀመጫ አለው። ስድስቱ ክልሎች እያንዳንዳቸው 12 ሴናተር ሲልኩ ዋና ከተማዋ ያለችበት ግዛትና ሰሜናዊው ግዛት ሁለት ሁለት ብቻ ይልካሉ። የካንቤራ ግዛት ሴናተሮቹን መምረጥ ከጀመረበት ከ1975 አንስቶ ሁለቱ መቀመጫዎች ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች እጅ ወጥተው አያውቁም ነበር። ፖኮክ በሥልጣን ላይ የነበረውን የሊበራል ፓርቲ ሴናተር ዜድ ሰሰልያን አሸንፎ ይህን ልማድ ሰበረ።

ጋሼ እዚህ ላይ ማንበባቸውን አቆሙ። «ካንቤራ ክልል አይደለችም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። አይደለችም፣ የፌዴራል መንግሥቱ ግዛት ናት አልኳቸው። «ሁለት መቀመጫ ብቻ?» አዎ፣ ሁለት። «እንደ እኛ በሏ!»

ቤቱ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ሊያስነሱ ተራ የያዙ ሰዎች ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። እውነት ነው። ድሬዳዋ ክልል አይደለችም፤ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሆኖ በ1996 ዓ.ም. በወጣው ቻርተር ነው የምትተዳደረው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ያላት መቀመጫ ሁለት ነው። የካንቤራ ሰው ጥያቄ ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ልጆቹ ያላሰቡት ነገር ነበር፣ እኔም ክፍል ውስጥ አላነሳሁትም፤ የተነሳው በአንድ ባነር ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ራሱ አቅጣጫ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1997 የአውስትራሊያ ፓርላማ ሁለቱ ግዛቶች በሽታው የማይድን ሰው በሐኪም እርዳታ ሕይወቱን ስለሚያበቃበት ጉዳይ የራሳቸውን ሕግ እንዳያወጡ ከልክሏቸው ነበር። ክልሎች ግን ይችሉ ነበር። ስለ ጉዳዩ ማንም የፈለገውን እምነት ሊይዝ ይችላል፤ እኔም የራሴ አለኝ። የግዛቶቹ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፤ ክልል ለሆነ ሕዝብ የተፈቀደ ውሳኔ ክልል ላልሆነው ለምን ይከለከላል የሚል ነው። ፖኮክ የምረጡኝ ዘመቻው ላይ ይህን አንዱ ጉዳዩ አድርጎ ነበር፤ ክልከላው በታኅሣሥ 2022 ሲነሳ ድጋፉን ሰጥቷል። ሕጉን ያቀረቡት ሌሎች የምክር ቤት አባላት መሆናቸውን ጋሼ አንድ ቃል ሳይቀር አስጻፉ። «የሌላውን ሰው ሥራ ለእርሱ አትስጡት» አሉ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት የሠራተኞችን የደመወዝ ድርድር የሚመለከት ሕግ ሲያቀርብ የፖኮክ ድምፅ ወሳኝ ሆኖ ነበር። ድምፁን የሰጠው ለድሆች የሚከፈለው ድጎማ በቂ መሆን አለመሆኑን በየዓመቱ የሚመረምር ገለልተኛ ኮሚቴ እንዲቋቋም ካስማማ በኋላ ነው። ከፓርቲ ውጭ ያለ አንድ ሰው ሁለት መቀመጫ ካላት ከተማ ሄዶ ምን ማድረግ እንደሚችል ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። አንዱ ልጅ «በሜዳ ላይ ኳስ እንደሚነጥቅ በምክር ቤትም...» ብሎ አንድ የሚያምር ዐረፍተ ነገር ጽፎ ነበር። ጋሼ አነበቡት፣ ፈገግ አሉ፣ ግን «ይህ ያንተ ነው፣ የእርሱ ሥራ አይደለም» ብለው አስወጡት። ልጁ ትንሽ ቅር አለው፤ በኋላ ግን በክበቡ መጽሔት ላይ በራሱ ስም እንዲያወጣው ነገርኩት።

ስለ አየር ንብረት የተጻፈው መስመር ላይ ስንደርስ ቤቱ ዝም አለ። ልጆቹ የጻፉት «ለአየር ንብረት ይቆረቆራል» የሚል ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ልጆቹ አልተወለዱም፤ ጋሼ ግን እዚሁ ነበሩ። ስለዚያ ሌሊት ብዙ አላወሩም። «መቆርቆር ብቻውን አይበቃም፤ ድምፅ ሲሰጥ ምን አለ?» አሉ። መልሱ አለ። አውስትራሊያ የበካይ ጋዝ ልቀቷን እስከ 2030 ከ2005ቱ መጠን በ43 በመቶ ለመቀነስ ግብ ያስቀመጠችበት ሕግ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በሴኔቱ ሲያልፍ ፖኮክ ደግፎ ድምፅ ሰጥቷል። የተጻፈውም እርሱ ነው።

አንድ ነገር ጨምረን ይህን ልዝጋ። የክልል ሴናተር የሚመረጠው ለስድስት ዓመት ሲሆን የግዛት ሴናተር ዘመን ግን ከታችኛው ምክር ቤት ጋር አብሮ ያበቃል። ስለዚህ ፖኮክ በግንቦት 2025 እንደገና በመራጩ ፊት ቆመ፣ አሸነፈም። የሰሌዳው የመጨረሻ መስመር ይህ ነው። ከሥሩ በትንሽ ፊደል የአውስትራሊያ ሴናተሮች ንግግር ሁሉ በቃለ ጉባኤ እንደሚታተም፣ ያላቸውንም ሀብትና ጥቅም ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ እንደሚያስመዘግቡ ጨምረናል። ይህን እንድንጨምር ያሳሰቡን አሁንም ጋሼ ናቸው፤ «ልጆቹ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት የሚል ሰው ይመጣል» ብለው።

አሁን ስለ ኅትመቱ። ሰሌዳው ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ነው። በካሬ ሜትር 700 ብር አስከፍለውናል፣ ማቀናበሪያውን አልጨመሩብንም። ከዚህ ረክሶ የሚያትም ቤት በከተማው አለ፤ ጠርዙን አጥፎ በሙቀት የሚያጣብቅና ቀለበቱን በየግማሽ ሜትሩ የሚመታ ግን ብዙ የለም። ቀለበት ያነሰበት ባነር የድሬ ነፋስ ሲነሳ ከማዕዘኑ ይቀደዳል። ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፤ «ሥ» እና «ሠ» በሩቅ አይምታቱም። ቀኖቹ ሁሉ ፊት «እ.ኤ.አ.» የሚለው ሳይዘለል ገብቷል፤ ይህንም ወጣቷ ናት ያሰበችው፣ አለበለዚያ ተማሪ 2014ን በእኛ አቆጣጠር ያነበዋል። የፖኮክን ፎቶ በነፃ እንዲሠራበት ከተፈቀደ ክምችት አውጥታ የፎቶ አንሺውን ስም በግርጌ ጽፋለች። የሰው ፎቶ ዝም ብሎ መጎልጎል በለመደ ሙያ ውስጥ ይህ ሊመሰገን ይገባል።

ቀለሙ ላይ ጋሼ የሰጡን ምክር ለሁላችሁም ይጠቅማል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ ቀዩ ቀድሞ ይገረጣል አሉን። እኛም በረንዳው ሥር አደረግነው፣ እስካሁን እንዳለ ነው።

ጉድለትም አለ። በመጀመሪያው የማረሚያ ቅጂ ላይ በአውስትራሊያ ባንዲራ ቦታ የኒውዚላንድ ባንዲራ ገብቶ ነበር፤ የሁለቱ መደብ አንድ ዓይነት ቢሆንም የኒውዚላንዱ ኮከቦች ቀይና አራት፣ የአውስትራሊያው ነጭና ስድስት ናቸው። ራግቢ ወዳዱ ልጅ ወዲያው አየው፣ ያለ ክፍያም ታረመ። የራቡካ ፎቶ ግን መጠኑ ትንሽ ስለነበር ተለጥጦ ደብዝዟል፤ ቤቱ ከማተሙ በፊት ሊነግረን ይገባ ነበር። ርእሱን በቢጫ ማድረጋቸውም አልተሳካም፤ ከአሥር እርምጃ በላይ ርቆ ለቆመ ሰው አይነበብም፣ እኔም ይህን ነግሬአቸዋለሁ። ከሁሉ የከበደው ጊዜ ነው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ በባትሪ ይሠራል፣ ትልቁ ማሽን ግን ይቆማል፤ ጄኔሬተር የላቸውም። ለማክሰኞ የተባለው ሥራ ለሐሙስ ተላልፎ የክበቡ ፕሮግራም ያለ ሰሌዳ ተከፍቷል። ልጆቹ አዝነው ነበር። ቀን የተቆረጠለት ሥራ የያዘ ሰው ቢያንስ ሳምንት አስቀድሞ ይስጥ።

የቀጠሮ ሰዓትም ልብ በሉ። ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ቤቱ ዝግ ነው፤ በድሬ ሙቀት ይህ አይገርምም፣ ከሳቢያን በባጃጅ ለሚመጣ ግን ከንቱ ድካም ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከሄዳችሁ ጋሼ ገና አልተጨናነቁም፣ ጽሑፋችሁን ቁጭ ብለው ያነቡላችኋል። ከሰዓት በኋላ ተማሪው ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት ስለሚሰለፍ ያን ያህል ትኩረት አታገኙም። ክፍያ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይቀበላሉ። የመሥሪያ ቤት ሥራ ከሆነ ደረሰኝ እንደምትፈልጉ መጀመሪያውኑ ተናገሩ፤ በኋላ ሲጠየቅ የሚቆርጠው ሰው ላይኖር ይችላል።

የሠርግ ባነር ወይም የልደት ስቲከር ከሆነ የምትፈልጉት፣ ሌላ ቤት በርካሽና በፍጥነት ይሠራላችኋል፤ ጋሼ የሙሽራውን ማዕረግ ሁሉ እየጠየቁ ያቆዩአችኋል። የሰው ታሪክ፣ የማኅበር ሪፖርት፣ የጡረተኛ መሸኛ፣ የመታሰቢያ ጽሑፍ ከሆነ ግን እዚህ ሂዱ። ጽሑፋችሁን ያገኛችሁበትን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠየቃችሁ አይቀርምና። የእኛ ክበብ በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት የሚያሠራው ሰሌዳ ከስፖርት ወደ ሕዝብ አገልግሎት ስለገቡ ሴቶች ይሆናል፤ ልጆቹ ስሞቹን መሰብሰብ ጀምረዋል፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብም «ምን ሠራች?» የሚል ባዶ ቦታ ትተዋል።